ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ገበያ፦ ከቦሌ የሚነሳው ሥጋ ስለ መግባባት ምን ያስተምራል?

አዲስ አበባ፦ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚነሱት የግብርና ምርቶች መካከል ሁለቱ የተለያየ አቅጣጫ ይይዛሉ። አንደኛው ጽጌረዳ ነው፤ በቀዝቃዛ ክፍል ቆይቶ ወደ አውሮፓ ይበርራል፤ ከሚራገፍባቸው ከተሞች አንዷ የቤልጂየሟ ሊዬዥ ናት። ሁለተኛው የበግና የፍየል ሥጋ ነው፤ በአብዛኛው በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ ባሉ የኤክስፖርት ቄራዎች ታርዶ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ይጓዛል።

ሊዬዥ የምትገኘው ዋሎንያ በተባለው የቤልጂየም ክልል ውስጥ ነው። ዋሎንያ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ እንስሳ አስቀድሞ ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ በሕግ ከልክላለች። እንግዲህ የእኛ ጽጌረዳ በሚሸጥበት አገር፣ በግን በእኛ አገር ልማድ ማረድ ያስቀጣል ማለት ነው። ኢትዮጵያዊው አምራች ለሁለቱም ዓለም ያመርታል፤ ሁለቱ ዓለማት ግን በቢላዋ ጉዳይ አልተስማሙም።

ሙስሊሞችና የምዕራቡ ማኅበረሰቦች እንዴት ይግባቡ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከጦርነት፣ ከስደትና ከአለባበስ ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ጥያቄውን በእርድ በኩል ይመለከተዋል። እርድ ከአርሶ አደሩ በረት ጀምሮ እስከ ከተሜው ማዕድ ድረስ ሁላችንንም ይነካል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ የዳር ተመልካቾች አይደለንም። በተለያየ ቢላዋ እያረዱ በአንድ ገበያ መኖርን ለዘመናት ስንለማመደው፣ አንዳንዴም ስንስተው ኖረናል።

አውሮፓ ምን አለች?

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት እንስሳ ከመታረዱ በፊት በኤሌክትሪክ፣ በጋዝ ወይም ግንባሩን በሚመታ መሣሪያ ራሱን እንዲስት ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደንብ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸመውን እርድ ከዚህ ግዴታ ነጻ ቢያደርግም፣ አባል አገራት የጠበቀ ሕግ ማውጣት እንዲችሉ በሩን ክፍት ትቷል። ዴንማርክ በ2014 ይህን ነጻነት አነሳች። በቤልጂየም ደግሞ የፍላንደርስ ክልል በጃንዋሪ 2019፣ ዋሎንያ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ተከተሉ።

የቤልጂየም ሙስሊሞችና አይሁዶች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዲሴምበር 17 ቀን 2020፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 ክልሎቹ ሕጉን ማውጣታቸው የሃይማኖት ነጻነትን አይጥስም ሲሉ ወሰኑ። በአንጻሩ የብራስልስ ክልል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ተመሳሳይ ክልከላ ቀርቦለት ሳይቀበለው ቀርቷል። በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ውሳኔ ተሰጥቷል።

የክልከላው ደጋፊዎች መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አንገቱ የተቆረጠ እንስሳ ራሱን እስኪስት ድረስ ባሉት ሰከንዶች ሕመም ይሰማዋል ይላሉ። በግ ከከብት ይልቅ ፈጥኖ ራሱን እንደሚስት፣ ከብት ግን ሊዘገይ እንደሚችል የእንስሳት ሳይንስ ያስተምራል። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያም ክብደት አለው። ለመዝናኛ ተብሎ አውሬ ማደን ሳይከለከል፣ እንስሳት ዕድሜያቸውን ሙሉ በጠባብ ጋጣ ታጭቀው መኖራቸው ሳይከለከል፣ የሕጉ ጣት ለምን ወደ እኛ ቢላዋ ብቻ ይጠቁማል ብለው ይጠይቃሉ።

ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1893 በሕዝብ ድምፅ ሳይደነዝዝ የሚፈጸም እርድን ስትከለክል፣ ክልከላው በዋናነት የነካው አይሁዶችን ነበር፤ ከዘመቻው ጀርባም ለአይሁድ የነበረው ጥላቻ ድርሻ ነበረው። ዛሬም በአውሮፓ ስደተኛን የሚጠሉ ፖለቲከኞች በበጉ ስም ሰውን ሲያሳድዱ ይታያሉ። ለእንስሳት ከልቡ የሚራራ ሰውና ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው አንድ ሕግ ሲደግፉ፣ ሕጉ የወጣበት ወገን ሁለቱን ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። አለመግባባቱ የሚጠናው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ሁለት ቢላዋ

ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በከተማዋ ምሥራቃዊ በር፣ በካራ በኩል ነው። በዚያ ያለው የቁም እንስሳት ገበያ በበዓላት ዋዜማ ከሰሜን ሸዋ በሚመጡ በጎች ይሞላል። የመንዝ በግ የሚያቀርበው አርሶ አደር በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ ገዢው ግን እንደ በዓሉ ይለያያል። ለፋሲካ ክርስቲያኑ፣ ለዐረፋ ሙስሊሙ ይመጣል።

የዐረፋ ገዢ አመራረጥ ጥብቅ ነው። ለኡድሒያ የሚታረድ እንስሳ ዕድሜው የደረሰ፣ ዓይኑ ያልታወረ፣ የማያነክስ፣ ያልታመመና ያልከሳ መሆን አለበት። አርሶ አደሩ ይህን የተማረው በመስጊድ ሳይሆን በገበያ ነው፤ ይህን ለማወቅም ሃይማኖቱን መቀየር አላስፈለገውም። የእስልምና ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ ዐረፋ በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሸሽም ያውቃል፤ ለሦስት ወር የሚያደልበውን በግ መቼ ማሰር እንዳለበት የሚያሰላው በዚሁ ነው። በዐቢይ ጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የሙስሊም ሥጋ ቤቶችና የኤክስፖርት ቄራዎች ሥራ ስለማያቆሙ፣ የሙስሊሙ ማዕድ ለክርስቲያኑ አርሶ አደር የክፉ ቀን ገበያ ሆኖ ይቆያል።

ከካራ ተነስቶ በኮተቤና በሲኤምሲ፣ በገርጂም አልፎ ወደ ቦሌ የሚሄድ መንገደኛ በየሠፈሩ ሁለት ዓይነት ሥጋ ቤት ያያል። አንዱ በሩ ላይ መስቀል፣ ሌላው ጨረቃ ወይም «የሙስሊም ሥጋ ቤት» የሚል ጽሑፍ አለው። ስሙን ከቤተ ክርስቲያን የወሰደው ቦሌ ሚካኤል ብዙ ሶማሊያውያንና የሶማሌ ተወላጆች የሚኖሩበት ሠፈር ነው፤ ታቦቱ በሚወጣበት መንደር የሩዝና የግመል ወተት ቤቶች ይሠራሉ። መስቀሉም ጨረቃውም ለመግቢያ መለያ እንጂ ለጠብ የተሰቀሉ አይደሉም። ደንበኛው የትኛው በር የእርሱ እንደሆነ አውቆ፣ ሳይጠራጠርና ሳይጠይቅ እንዲገባ ያግዙታል።

በወሎ ይህ ልማድ ከዚህም ይጠልቃል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በሚገኙበት በዚያ ምድር ሠርግ ወይም ተዝካር ሲሆን ሁለት እንስሳ ይታረዳል፤ ምጣዱና ድስቱም ለየብቻ ይሆናል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በጉን በገመድ ይዞ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል፤ ጎረቤቱም ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ሙስሊሙ ደጋሽም ለክርስቲያን ወዳጆቹ እንዲሁ ያደርጋል፤ ክርስቲያኑ አራጅ በስመ አብ ብሎ ይባርካል። ማንም ሌላውን የእኔን ሥጋ ብላ ብሎ አያስገድድም፤ የአንተን ሥጋ አልበላም መባልም እንደ ስድብ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ኢትዮጵያዊው ክርስቲያን በእምነቱ ከምዕራቡ ዓለም ጋር ዝምድና አለው፤ በአስተራረዱ ግን ከሙስሊሙ ጋር ነው። እርሱም እንስሳውን ሳያደነዝዝ፣ አንገቱን በስለታም ቢላዋ ቆርጦ፣ የፈጣሪን ስም ጠርቶ ያርዳል። የዋሎንያ ሕግ ነገ በካራ ቢታወጅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይነካሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የክርስትናና የእስልምና ግጭት ነው ተብሎ ሲነገረን መቀበል የለብንም። ልዩነቱ በአመዛኙ ያለው፣ እንስሳውን ራሱ አርዶ በሚበላና ሥጋን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ብቻ በሚያውቅ ማኅበረሰብ መካከል ነው።

የራሳችን ጉድለት

ይህ ሲባል ታሪካችን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ ተገድደዋል፤ ብዙዎች ተሰድደዋል፣ የተቃወሙትም ተቀጥተዋል። በዚያ ዘመን የሌላውን ሥጋ መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠር ስለነበር፣ ቢላዋው የማስገደጃ መሣሪያ መሆን ይችል ነበር። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስም የሙስሊሙ በዓላት የአገር በዓላት አልነበሩም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ የእኩልነት ጥያቄ አነሳ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈው ነበር። ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ደግሞ ገና በ2012 ዓ.ም. ነው።

በዚሁ በ2012 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጥለዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሁለቱም በክልላችን ውስጥ፣ ለዘመናት ሁለት ድስት ጎን ለጎን ሲጣድባቸው በኖሩ ከተሞች የሆኑ ናቸው። ከሞጣው ጥፋት በኋላ መስጊዶቹን መልሶ ለመሥራት ክርስቲያኖችም ገንዘብ ማዋጣታቸው የሚያጽናና ነው። ይሁን እንጂ ልማድ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ሁለቱም ክስተቶች አሳይተዋል። የወሎው ደጋሽ በጉን ለጎረቤቱ የሚያስረክበው ስለሚያምነው ነው። እምነቱ ሲሸረሸር፣ ሕግም ጎረቤትም ሳይደርሱ ሲቀሩ፣ መለያው ምልክት የጥቃት ምልክት ይሆናል።

ንግድ የሚችለውና የማይችለው

ንግድ ሰዎችን ያቀራርባል የሚባለው እውነት ነው፤ ወሰን ግን አለው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ ነቢዩ መሐመድን የሚመለከቱ ሥዕላዊ ስላቆችን ሲያወጣ፣ ከወራት በኋላ በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች አገሮች የዴንማርክ ምርቶች ከመደርደሪያ ወረዱ። በጽኑ ከተጎዱት አንዱ የወተት አርቢዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሆነው አርላ ነበር። ላም የሚያልበው የዴንማርክ ገበሬ ሥዕሉን አልሣለም፤ ዋጋውን ግን ከፈለ። ለዓመታት የተሸጠው ቅቤና አይብ የሁለቱን ሕዝቦች መተዋወቅ አላሳደገውም ነበር፤ ችግር ሲመጣ የሚያስታርቅ ሰው አልተገኘም።

የኒውዚላንድ ምሳሌ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። በዚያች አገር ለንግድ የሚታረድ እንስሳ ሁሉ እንዲደነዝዝ ሕጉ ያስገድዳል። አገሪቱ ግን ከሙስሊም አገሮች ጋር በምታደርገው የሥጋ ንግድ ምክንያት መፍትሔ አብጅታለች። እንስሳው በኤሌክትሪክ ራሱን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይስታል፤ ባይታረድ መልሶ ይነቃል፤ ስለዚህም በሚታረድበት ቅጽበት ሕያው ነው። አራጁ ሙስሊም ነው፤ ፈጣሪውን ጠርቶ ያርዳል። ሁሉም የእስልምና ሊቃውንት ይህን አይቀበሉትም፤ ብዙዎች ግን ተቀብለውታል። መፍትሔው የተገኘው ባለ ሥርዓቱ ወገን በጠረጴዛው ዙሪያ ስለነበረ ነው። በዚያው አገር ግን እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 አንድ የነጭ ዘረኝነት አቀንቃኝ በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሰዎችን ገድሏል። የሐላል ሥጋ ለዓለም የምትልክ አገር እንኳ ከጥላቻ ነጻ አልሆነችም።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ መደምደሚያ ላይ ይደረሳል። መግባባት ማለት ከአንድ ሳህን መብላት አይደለም። መግባባት ማለት የሌላው ቢላዋ ለምን እንደ ተለየ ማወቅ፣ ሥርዓቱንም ሲቀይሩ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ መቀየር ነው። ቤልጂየም ሕጉን ያወጣችው የሚነካው ወገን ሳይስማማበት በድምፅ ብልጫ ነው፤ ውጤቱም ክስ ሆነ። ኒውዚላንድ ተነጋግራ መንገድ አገኘች። ወሎ ሕግ ሳይጻፍለት መንገዱን አገኘ፤ በቦሩ ሜዳ ዘመን ሲገደድ ግን መንገዱ ተቋረጠ።

ለአርሶ አደሩ ምን ማለት ነው?

የሐላል ሥርዓት እንስሳውን ማን እንዳሳደገው አይጠይቅም፤ እንዴት እንደ ታረደ ይጠይቃል። ስለዚህ የክርስቲያኑ ፍየል በሙስሊም አራጅ ተባርኮ፣ የሐላል ማረጋገጫ ይዞ ከቦሌ ይነሳል። ሆኖም የክልላችን ደጋ አርሶ አደር ከዚህ ገበያ ያገኘው ድርሻ አነስተኛ ነው። የኤክስፖርት ቄራዎች የቆላ እንስሳን ያስቀድማሉ፤ የደጋ በግና ፍየል ሥጋ ከታረደ በኋላ የመጥቆር ባሕርይ ስለሚያሳይ የባሕረ ሰላጤው ገዢ አይወደውም። ከዚህ የተነሳ የአፋርና የወሎ ቆላ ፍየሎች የሚገናኙበት የባቲ ገበያ ከደጋ ገበያዎች ይልቅ ለላኪዎች ይመረጣል።

ለመጥቆሩ አንዱ ምክንያት በእኛው እጅ ያለ ነው። በግብርና ኮሌጅ እንደ ተማርነው፣ እንስሳ ከመታረዱ በፊት ሲራብ፣ ሲደነግጥና ሲንገላታ በጡንቻው ውስጥ ያለው የኃይል ክምችት ያልቃል። ከታረደ በኋላ ሥጋው በቂ አሲድ ስለማያገኝ ይጠቁራል፤ ቶሎም ይበላሻል። በዱላ የተመታ ጎን ይበልዛል፤ የበለዘውም ሥጋ ተቆርጦ ይጣላል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እግሩ ታስሮ የሚጓዝ በግ፣ ያለ ውኃ አንድ ቀን በፀሐይ የሚቆም ፍየል ዋጋው ገና መንገድ ላይ ይቀንሳል።

የአውሮፓው ተሟጋችና የሙስሊሙ ሊቅ የሚገናኙትም እዚሁ ላይ ነው። የእስልምና አስተምህሮ አራጁ ቢላዋውን እንዲስል፣ እንስሳውን እንዳያሠቃይ፣ ቢላዋውን ፊቱ ላይ እንዳይስልና አንዱን በሌላው ፊት እንዳያርድ ያዝዛል። የአውሮፓው ሕግም ዓላማው እንስሳው እንዳይሠቃይ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራትና ቀናት፣ በረት ውስጥ፣ በገበያና በመኪና ላይ ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ያም በአርሶ አደሩ፣ በነጋዴውና በሾፌሩ እጅ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሩቅ አይደለም። በገበያዎቻችን እንስሳት የሚጫኑበት መወጣጫ፣ ውኃና ጥላ ያስፈልጋል። የክትባት አገልግሎት መጠናከር አለበት። በሽታ ባለመጥፋቱ የአገራችን ሥጋ ወደ አውሮፓ ገበያ አይገባም፤ የሙስሊሙ ዓለም ገበያም ቢሆን በእምነት ዝምድና ብቻ አይከፈትም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት ማስገባትን ስታግድ፣ የተጎዱት አርብቶ አደሮች ሙስሊሞች ነበሩ። ገዢ ማንም ይሁን ማን፣ የሚታመን ማስረጃ ይፈልጋል።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ድርሻ አላቸው። በብራስልስም ሆነ በሌላ የምዕራብ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን፣ ሙስሊም ጎረቤቱ ለምን ያንን በግ እንደሚፈልግ ለአገሬው ሰው ማስረዳት ይችላል፤ እርሱም ቤቱ ያደገው በዚያው ሥርዓት ነውና። ሙስሊሙ ኢትዮጵያዊም እንዲሁ፣ ክርስቲያን ጎረቤት ለእንግዶቹ ብሎ በጉን በገመድ ይዞ ሲያስረክብ ያየውን መናገር ይችላል።

በመጪው ዐረፋ የመንዙ አርሶ አደር በጎቹን ይዞ ካራ ይቆማል። ገዢው መጥቶ የበጉን ዓይን ይገልጣል፣ ጥርሱን ያያል፣ ጥቂት ያራምደዋል። አርሶ አደሩ ለምን እንደሚያራምደው ያውቃል፤ የሚያነክሰውንም ገና ከቤቱ ሳይነሳ አስቀርቶታል። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፤ ሻጩ «መልካም በዓል» ብሎ ገመዱን ያስረክባል። ሁለቱም ማታ የሚበሉት ለየቤታቸው ነው።